አንድ የስኪ ቡት ለዳገቱም ለቁልቁለቱም ይበቃል?

ጥያቄ፦ ለዘጠኝ ዓመት በሊፍት (በገመድ መጓጓዣ) ተራራ እየወጣሁ ቁልቁል ስንሸራተት ኖሬአለሁ። ከዘንድሮ ጀምሮ ደግሞ ከስኪው ሥር ፀጉራም ጨርቅ እየለጠፍኩ በራሴ ጉልበት ተራራ መውጣት (ቱሪንግ የሚባለውን) ጀምሬአለሁ፤ እስካሁን በኪራይ ቡት ነው። በአንድ የበረዶ ወቅት 20 ቀን ያህል በሊፍት፣ 10 ቀን ያህል ደግሞ በቱሪንግ ለማሳለፍ አስባለሁ። 78 ኪሎ እመዝናለሁ፤ የድሮው ቡቴ ቁጥር 26.5 ነው። አሁን በቅናሽ ያገኘሁት የቱሪንግ ቡት የአንዱ እግር ክብደት 1.1 ኪሎ ብቻ ነው። ቁጥሩ 27.5 ሲሆን ሳጠልቀው እንደ ሸራ ጫማ ይመቻል። ጓደኛዬም «ዳገት ሲወጣ እግር ስለሚያብጥ አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው» ብሎኛል። ይህንን ገዝቼ በድሮው የቁልቁለት ስኪዬም ላይ ልጠቀምበት እችላለሁ?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። መልሱን ላስቀድም፦ ያንን ቡት አይግዙት። አንድ ቡት ሁለቱንም ሥራ ሊሠራልዎት ይችላል፤ ያገኙት ግን እሱ አይደለም። ሶሉ ቡቱን ከስኪው ጋር ከሚያያይዘው ከድሮው ባይንዲንግዎ ጋር አይስማማም፤ ቁጥሩ ይሰፋዎታል፤ በሊፍት ለሚያሳልፏቸው 20 ቀናትም ከመጠን በላይ ቀላል ነው። የመጨረሻው ምቾት የሚነሳ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ስኪዎን መቆጣጠር ያሳጣዎታል። የመጀመሪያው ግን አጥንት ይሰብራልና ከእሱ ልጀምር።

የቁልቁለት ባይንዲንግ ሥራው ቡቱን አጥብቆ መያዝ ብቻ አይደለም። ስንወድቅ በሰዓቱ መልቀቅም ሥራው ነው። ሲለቅ የቡቱ አፍንጫ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ የሚንሸራተተውም ባይንዲንጉ ፊት ላይ በተቀመጠች ልሙጥ ሰሌዳ ላይ ነው። የቁልቁለት ቡት ሶል ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራው፣ ከታች ጠፍጣፋ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ቅርጹና ውፍረቱ አይኤስኦ 5355 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በሚሊ ሜትር ተወስኗል። የቱሪንግ ቡት የሚተዳደረው በሌላ ደረጃ ነው፣ በአይኤስኦ 9523። ሶሉ ጎማ ነው፤ ድንጋይና ጠጣር በረዶ ላይ እንዲቆነጥጥ ጥርስ ወጥቶለታል፤ ለመራመድ እንዲያመች ፊቱ ወደ ላይ ቀና ይላል። እንዲህ ያለውን ሶል የድሮ የቁልቁለት ባይንዲንግ ውስጥ ቢያስገቡት «ቀጭ» ብሎ ሊገባልዎት ይችላል። መግባቱ ግን ምንም ማረጋገጫ አይደለም። እግርዎ በተጠመዘዘ ጊዜ ጎማው ሰሌዳዋን ነክሶ ይቀራል፣ ባይንዲንጉ መልቀቅ ባለበት ኃይል አይለቅም፣ ከዚያ የሚበጠሰው የጉልበት ጅማት፣ የሚሰበረውም የእግር አገዳ ነው። የመልቀቂያው ቁጥር (ባይንዲንጉ በስንት ኃይል እንደሚለቅ የሚወስነው) በትክክል ተሞልቶ እንኳ ይህ ሊደርስ ይችላል፤ ቁጥሩ የሚሠራው ሶሉ ትክክለኛ ሲሆን ብቻ ነውና። ባይንዲንግ በመለኪያ ማሽን ስፈትን ይህን ልዩነት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ለድርድር ቦታ የለኝም።

በሁለቱ መካከል ሌላ ደረጃ አለ፤ ግሪፕዎክ ይባላል። አይኤስኦ 23223 ነው። ጎማና ቀና ያለ ፊት አለው፤ ነገር ግን ሰሌዳዋ ላይ የሚያርፈው ክፍል ልሙጥና ጠንካራ ሆኖ ተሠርቷል። ግሪፕዎክን እንዲቀበል የተሠራ የቁልቁለት ባይንዲንግ ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ስም በላዩ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። የድሮው ባይንዲንግዎ ላይ ካላዩት አይቀበልም ብለው ይነሱ፤ ባለሙያ አይቶ «ይቀበላል» ካለዎት መልካም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልጨምር፦ ግሪፕዎክ ሶል ያለው ቡት ሁሉ የቱሪንግ ቡት አይደለም። የመራመጃ ማንሻ (የቡቱን አንገት ለመራመድ የሚፈታው) ኖሮት፣ ጎማ ሶል ኖሮት፣ ለቱሪንግ ባይንዲንግ የሚያስፈልጉት የብረት ጉድጓዶች ግን የሌሉት ቡት ሞልቷል። ሱቅ ውስጥ ቡቱን ገልብጠው አፍንጫው ግራና ቀኝ ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ጉድጓዶች፣ ተረከዙ ላይም ሁለት ቀዳዳ ያለው ብረት መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። እነዚህ የሚገጥሙት የኦስትሪያው ፍሪትዝ ባርቴል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከፈለሰፈው በሹል ፒን ከሚይዘው ባይንዲንግ ጋር ነው። ዛሬ በእግር የሚወጣው ሰው አብዛኛው የሚጠቀመው በዚያ ሐሳብ ነው፤ ምክንያቱም ሲወጡ የባይንዲንጉን ክብደት አያነሱም፣ ቡቱ በፒኖቹ ላይ ብቻ ይሽከረከራል።

የፒን ባይንዲንግ ግን ለእርስዎ 20 የሊፍት ቀናት የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። በጠጠረ በረዶ ላይ በፍጥነት ሲወርዱ የቁልቁለት ባይንዲንግ ንቅጥቅጡን ዋጥ እያደረገ ቡቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ቀላል የፒን ባይንዲንጎች ይህ አቅማቸው አነስተኛ ነው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2018 ሳሎሞንና አቶሚክ የተባሉት አምራቾች ሺፍት የተባለውን ባይንዲንግ ሲያወጡ ለእንደ እርስዎ ላለው ሰው ትልቅ ነገር የሆነው። ሲወጡ በፒን ይይዛል፤ ሲወርዱ ፒኖቹ ይታጠፉና እንደ ማንኛውም የቁልቁለት ባይንዲንግ አፍንጫና ተረከዝን ይዞ ይለቃል። ማርከር የተባለው አምራችም በዚያው መንገድ የሚሠራ ዱክ ፒቲ የተባለ ባይንዲንግ አለው። ነገር ግን ሁለቱም የቡቱ አፍንጫ ላይ ወጣ ያለች ከንፈር ይፈልጋሉ። ክብደታቸው አንድ ኪሎ ገደማ የሆኑ አንዳንድ ቡቶች ይህችን ከንፈር ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ቆርጠዋታል። እርስዎ ያገኙት ቡት ከንፈር ይኑረው አይኑረው ከጥያቄዎ መረዳት አልቻልኩም፤ ከሌለው ለዘለዓለም ከፒን ባይንዲንግ ውጭ የትም አይገጥምም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሰው ቡቱን ጠልቶ ስኪ እስከ መተው የሚያደርሰው ነገር ከዚህ ይነሳል።

የስኪ ቡት ቁጥር የእግር ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው። ተረከዝዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ክብደትዎን በሁለት እግር ላይ ጥለው ቆመው፣ ረጅሙ ጣትዎ የደረሰበትን ያስለኩ። 26.3 ሴንቲ ሜትር ከወጣ ቁጥርዎ 26.5 ነው። ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ ልዩነት አይታጣም። ብዙ ሰው በዘልማድ የመንገድ ጫማ ቁጥሩን ወደ ስኪ ቡት እያዛወረ ስለሚገዛ ሰፊ ቡት አድርጎ ይኖራል፤ ስለዚህ የድሮው 26.5 ራሱ ትክክል መሆኑን ሳያረጋግጡ መነሻ አያድርጉት። ደግሞም በአብዛኞቹ አምራቾች ዘንድ 26.0 እና 26.5 አንድ ዓይነት ውጫዊ ቅርፊት ነው ያላቸው፤ ልዩነቱ ከውስጥ ባለው ንጣፍ ወይም በውስጠኛው ለስላሳ ጫማ ነው። 27.5 ግን ሌላ ቅርፊት ነው። «ትንሽ ከፍ አደረግሁ» ያሉት በእውነቱ አንድ ሙሉ ቅርፊት መዝለል ነው፤ እግርዎ ፊት ለፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ውስጥ ሲንሸራተት ይውላል ማለት ነው።

ይህን በጣትዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ውስጠኛውን ለስላሳ ጫማ አውጥተው ባዶ እግርዎን ባዶው ቅርፊት ውስጥ ያስገቡ። ጣቶችዎ ፊቱን እስኪነኩ ይግፉ። ከዚያ ከተረከዝዎ ኋላ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፤ ሻጩ በባትሪ ቢያበራልዎት ይሻላል። አንድ ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለፍጥነት የሚመረጥ ጠባብ ልክ ነው። አንድ ተኩል ከሆነ ለሁለቱም ሥራ የምመክረው ልክ ነው። ሁለት ካለፈ ቡቱን ይመልሱት። ውስጠኛው ጫማ የሚለሰልሰው፣ የሚያቅፈውና «ይመቻል» የሚያሰኘው ነገር ሁሉ በጥቂት ቀናት ተጠቅጥቆ ይሳሳል፤ ሱቅ ውስጥ የነበረው ክፍተት ግን አይጠብብም፣ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው አዲስ ቡት እንደ ሸራ ጫማ ሲመች ደስ የማይለኝ።

የጓደኛዎን ምክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በቅን ልብ የሚነገር ነው። እግር ሲወጡ ያብጣል፤ እውነት ነው። የሚያብጠው ግን ወደ ጎንና ወደ ላይ ነው፤ አይረዝምም። ለወርዱ መድኃኒቱ ዘለበቶቹን ፈታ አድርጎ መውጣት ነው። ርዝመት ቢጨምሩለት የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ ዳገት ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ ተረከዝ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይፈተጋል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ውኃ ይቋጥራል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ እግር ወደ ፊት ተንሸራቶ ጣቶችን ከቅርፊቱ ያጋጫል። የጣታቸው ጥፍር ጠቁሮ «ቡቱ ጠቦኝ ነው» እያሉ ከሚመጡልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ቡታቸው ሰፊ ሆኖ ነው የማገኘው። ቡቱ ስለሰፋቸው ዘለበቱን ከመጠን በላይ ያጠብቃሉ፤ ዘለበቱ የእግርን ጀርባ ጨምቆ ደም ያስቀራል፤ ከዚያ ጣታቸው ይቀዘቅዛል። ብርዱ የመጣው ከበረዶው ይመስላቸዋል።

ውስጠኛውን ጫማ መልሰው፣ አንድ ስስ ካልሲ ብቻ አድርገው ሲሞክሩት ሊሰማዎት የሚገባው እንዲህ ነው። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣቶችዎ ፊቱን ለስለስ አድርገው ይነካሉ። ጉልበትዎን ወደ ፊት ሲያጥፉ ተረከዝዎ ወደ ኋላ ይገባና ጣቶችዎ ነፃ ይሆናሉ። አገዳዎ በመላው ርዝመቱ በእኩል ይደገፋል እንጂ አንድ ቦታ ላይ አይወጋም። ተረከዝዎን ለማንሳት ሲሞክሩ እምቢ ይላል። ሁለት ካልሲ አይደርቡ፤ ይጨማደዳል፣ ያልባል። ከሰዓት በኋላ እግር ሞላ ካለ ወዲያ ይሞክሩ፤ ሁለቱንም ቡት አድርገው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ይቁሙ፣ ይራመዱ፣ ጉልበትዎን ይጠፉበት። ሻጭ የሚቸኩል ከሆነ ሌላ ቀን ይመለሱ።

ስለ ወርድ አንድ ነገር። ካታሎግ ላይ 98፣ 100፣ 102 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚጻፈው የእግር ጣቶች ሥር ያለው ወርድ ነው፤ የተለካውም ብዙውን ጊዜ በ26.5 ቁጥር ላይ ነው። ስለ ተረከዝዎ ጥበት፣ ስለ እግርዎ ጀርባ ከፍታ፣ ስለ ቁርጭምጭሚትዎ አጥንት ምንም አይነግርዎትም። ሁለት ቡቶች 100 ተብለው አንዱ ሊያንቅዎት፣ ሌላው ሊዋኝብዎት ይችላል። ከተረከዝና ከእግር ጀርባ ጋር የሚስማማውን ያስቀድሙ። አንድ አጥንት ብቻ የሚነካ ከሆነ ቅርፊቱን በሙቀት ገፍቶ ማስፋት ይቻላል፤ የሰፋን ተረከዝ ግን ማንም አያጠብልዎትም። የውስጥ ሶል ለማሠራት ካሰቡም ከማስገፋቱ በፊት ያሠሩት፤ የእግር ቅስት በደንብ ሲደገፍ እግር ስለሚሰበሰብ የሚነካው ቦታ ራሱ ይለወጣል። ለቁልቁለት ቡት ከሚውለው ፖሊዩሬቴን ከተባለው ፕላስቲክ ይልቅ ለቱሪንግ ቡት የሚመረጠው ግሪላሚድ ሲገፋ ያስቸግራል፤ ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለስ ይወዳል። ይህንን የለመደ እጅ ይፈልጉለት።

ሦስተኛው ክብደት ነው፤ በዚህኛው ላይ ሁለታችንም ትንሽ እንለሳለስ። በአንድ እርምጃ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያገኛሉ እንበል። 1000 ሜትር ለመውጣት ከ8300 በላይ እርምጃ ያስፈልግዎታል፤ ለእያንዳንዱ እግር ከ4100 በላይ። የቡቱ የአንዱ እግር ክብደት በግማሽ ኪሎ ሲጨምር በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱ እግሮችዎ በድምሩ ከ4 ቶን የሚበልጥ ጭነት ተጨማሪ አንቀሳቀሱ ማለት ነው። እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው ይልቅ የሚያደክመውም በየእርምጃው እየተነሳሳ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ቀላል ቡት ሰውን ማማለሉ አያስደንቅም።

ግን የሚወጣውን ያህል መውረድም አለ። ክብደት ያለው ፕላስቲክ የበረዶውን ንዝረት ዋጥ ያደርጋል፤ ስኪው ጎርበጥባጣ በረዶ ሲመታ ቡቱ ያበርደዋል። ቀላሉ ቅርፊት ጠንካራ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዱ የሚያስገርም ጥንካሬ አለው፤ ንዝረቱን ግን እስከ ጉልበት ድረስ ያስተላልፋል። ሲጫኑትም ቀስ እያለ አይታጠፍም፤ ጥቂት ይሄድና ግድግዳ እንደነካ ቀጥ ይላል። በለስላሳ አዲስ በረዶ ላይ ይህ አይታወቅም። እርስዎ ግን ከ30 ቀን 20ውን የሚያሳልፉት ሰው የተመላለሰበት፣ ማሽን የጠቀጠቀው፣ ከሰዓት በኋላ የተቆፋፈረ በረዶ ላይ ነው። የሊፍት ቡት የአንዱ እግር ክብደት ብዙውን ጊዜ 2 ኪሎ ገደማ ነው። ለእርስዎ የምፈልግልዎት ከ1.5 እስከ 1.8 ኪሎ ያለውን ነው። ከተገላበጠ፣ ማለትም 20 ቀን በእግር 10 ቀን በሊፍት ከሆነ፣ ከ1.2 እስከ 1.5 ወዳለው እወርዳለሁ። በሁለቱም ሁኔታ ሰው ከምኞቱ ሳይሆን ካለፈው ዓመት የቀን ቁጥሩ ተነስቶ ቢገዛ እመርጣለሁ።

መደራደር የሚገባን እንግዲህ በክብደት ላይ ነው። 300 ግራም ቢበዛብዎት ትንሽ ዘግይተው ይወጡ ይሆናል፤ ልኩና ሶሉ ከተበላሸ ግን ምንም ያህል ቢቀልልዎት የሚያካክሰው የለም።

በቅርፊቱ ላይ 100፣ 120፣ 130 ተብሎ የሚታተመው የመታጠፍ ጥንካሬ ነው፤ ፍሌክስ ይሉታል። ቁጥሩ ሁሉም አምራች የተስማማበት መለኪያ የለውም፤ የአንዱ 120 የሌላው 110 ሊሆን ይችላል። ፕላስቲኩም ሲበርደው ይጠነክራል፤ በሞቀ ሱቅ ውስጥ ለስለስ ያለዎት ተራራው ላይ አይለሰልስም። በ78 ኪሎና በዘጠኝ ዓመት ልምድ 120 አካባቢ የተጻፈበት ይስማማዎታል ብዬ እገምታለሁ፤ ቀስ ብሎና በልኩ የሚወርድ ሰው ከሆኑ 110 ምንም አይጎድልበትም። 130 የተጻፈበትን ለክብር ብለው አይግዙት። ቡቱን ማጠፍ ካልቻሉ ክብደትዎ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ደግሞ ስኪው ይወስደዋል እንጂ እሱ ስኪውን አይወስድም።

የመራመጃው ማንሻ ላይ ሻጮች ብዙ ዲግሪ ይቆጥራሉ፤ 50፣ 60፣ 70። እኔ ከዲግሪው ይልቅ ሁለት ነገር እፈትሻለሁ። አንደኛ፣ ማንሻው ተለቆ ዘለበቶቹ ሲፈቱ የቡቱ አንገት ወደ ኋላ ያለ ትግል ይሄዳል ወይ? ረጅም እርምጃ የሚሰጠው ወደ ኋላ የሚሄደው እንቅስቃሴ ነው፤ 60 ዲግሪ ተጽፎበት ውስጠኛው ጫማ እየያዘው በእያንዳንዱ እርምጃ የሚታገል ቡት ከ50ው ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ ማንሻው ሲቆለፍ አንገቱ ወዲያ ወዲህ ይላል ወይ? አዲስ ሆኖ የሚወላወል ከሆነ ሲያረጅ ምን እንደሚሆን ያስቡት። በጓንት እጅ ሊከፍቱትና ሊዘጉት መቻልዎንም ይሞክሩ፤ ንፋስ ላይ ጓንት ማውለቅ ጣት ያስከፍላል። ማንሻው ውስጥ በረዶ ሲገባ አልቆለፍ ሊል ይችላል፤ የፒን ጉድጓዶቹም እንዲሁ በበረዶ ይደፈናሉ። ቁልቁል ከመጀመርዎ በፊት ሁለቱንም መጥረግ ልማድ ይሁንልዎት።

ታዲያ ምን ልፈልግ ካሉኝ፦ 26 ወይም 26.5 ቅርፊት (መለኪያው የሚለውን ያህል)፣ ግሪፕዎክ ሶል፣ የፒን ጉድጓዶች፣ ሙሉ የአፍንጫ ከንፈር፣ ከ1.5 እስከ 1.8 ኪሎ፣ ፍሌክስ 110 ወይም 120። በዚህ ሰፈር የሚገኙት እንደ አቶሚክ ሃውክስ አልትራ ኤክስቲዲ ያሉት ናቸው፤ እሱ 98 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለጠባብ እግር ይሻላል። ቴክኒካ ኮቺስም እዚያው ነው። ስካርፓ ማኤስትራሌና ቴክኒካ ዜሮ ጂ ቱር ወደ ዳገቱ ያደሉ፣ ቁልቁለቱንም የማይፈሩ ናቸው፤ የእርስዎ ቀናት ቢገላበጡ ወደ እነሱ እልክዎት ነበር። አምራቾች በየጊዜው ሶል ስለሚለውጡ ስሙን አምነው አይግዙ፤ እጅዎ ላይ ያለውን ቡት ገልብጠው ሶሉ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ከአራቱ አንዱም ለእግርዎ ካልሆነ ስማቸውን ይርሱት። ካልተጠራው ውስጥ ልክዎ የሆነው ይበልጣል።

ሁለት ቡት መግዛት የሚሻልበት ጊዜም አለ። የድሮው ቡትዎ ልኩ ትክክል ከሆነና ቅርፊቱ ካልተሰነጠቀ፣ ለሊፍቱ እሱን ይዘው ለቱሪንጉ ብቻ ቀለል ያለ ቡት መግዛት ከሁሉም የበለጠ ደስታ ይሰጣል። እንዲህ ከሆነ የድሮ ባይንዲንግዎን መቀየርም አያስፈልግም፤ ቡቱና ባይንዲንጉ እንደ ድሮው አብረው ይኖራሉ። ያን ጊዜ 1.1 ኪሎ ያለውም ቡት ሊታሰብ ይችላል፤ በ27.5 ግን አይደለም። አንድ ቡት የሚያዋጣው የድሮው ቡት ካለቀ፣ ወይም በአንድ ቀን ውስጥ በሊፍት ወጥተው ከዚያ በእግር የሚቀጥሉ ዓይነት ሰው ከሆኑ ነው። ይህንን ጥያቄ ለራስዎ ሳይመልሱ ሱቅ አይሂዱ። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ደግሞ ከቡቱ በፊት በበረዶ ናዳ የተቀበረን ሰው መፈለጊያ ራዲዮ፣ አካፋና መውጊያ ዘንግ፣ ከነሥልጠናቸው ይቅደሙ፤ ቡት መከራየት ይቻላል።

ቡቱን ከገዙ በኋላ ውስጠኛውን ጫማ በሙቀት ለእግርዎ ያስቀርጹት። አራት አምስት ቀን ሳይጠቀሙበት ቅርፊቱን አያስገፉ፤ የመጀመሪያው ቀን ሕመም ሁሉ የቅርፊት ጥፋት አይደለም። ከተጠቀሙ በኋላ ውስጠኛውን ጫማ አውጥተው ያድርቁ፤ ምድጃ ወይም እሳት አጠገብ ግን አያስጠጉ። ሲያስቀምጡት ዘለበቶቹን ላላ አድርገው ይዝጉ፤ ተከፍቶ የከረመ ቅርፊት ቅርጹን ይለውጣል።

በመጨረሻ፣ ከመጀመሪያው የሊፍት ቀን በፊት ቡቱንና ስኪዎቹን አንድ ላይ ይዘው ባይንዲንግ አስተካካይ ዘንድ ይሂዱ። የቡቱ የሶል ርዝመት ተረከዙ አካባቢ በሚሊ ሜትር ታትሟል፤ ከድሮው ቡትዎ ቁጥር ጋር እኩል የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው፤ በጥቂት ሚሊ ሜትር መለያየቱም ባይንዲንጉ ቡቱን የሚጫንበትን ኃይል ይለውጠዋል። የመልቀቂያው ቁጥር ከክብደትዎ፣ ከቁመትዎ፣ ከዕድሜዎ፣ ከአነዳድዎና ከዚሁ የሶል ርዝመት ተሰልቶ ይሞላል። ክብደትዎንና አነዳድዎን ሲጠይቅዎት አያሳንሱ፣ አያጋንኑም። ሞልቶ ሲጨርስ በማሽን እንዲፈትንልዎት ይጠይቁት፤ ሁለቱንም እግር፣ አፍንጫውንም ተረከዙንም።